ባባጂ የተሰደቡበት ገና

ነገሩ የጀመረው አንድ ማክሰኞ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት ነው። ሰዓቱን አልረሳውም። በሠራተኝነት በገባሁበት በዚያ ቤት አራት ሰዓት የአሠሪዬ አባት የባባጂ የሻይ ሰዓት ነበር፤ እኔም ትሪውን ይዤ ከመግባቴ በፊት የኮሪደሩን ሰዓት ሳላይ አልገባም ነበር። የዚያን ቀን ባባጂ ሻዩን ዞር ብለው አላዩትም። ጫፉ የተቆለመመ አሮጌ ዱላ ጭናቸው ላይ አጋድመው በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ፣ “ቤቲ፣ ተልባ ፈልገሽ ግዢልኝ” አሉኝ በእንግሊዝኛ። ቤቲ ስሜ አይደለም፤ በእሳቸው ቋንቋ ልጄ ማለት ነው። “እሺ ባባጂ” ብዬ ወጣሁ። ለምን እንደፈለጉት አልጠየቅኋቸውም። ያን ጊዜ ማንንም ምንም የምጠይቅ ሰው አልነበርኩም። ደግሞስ ተልባ ለሆድ ካልሆነ ለምን ይፈለጋል? ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ ይዤ ለዛቫንሼ ወደሚባለው የጄኔቭ ዳርቻ ሰፈር ሄድኩና ከትልቁ የገበያ አዳራሽ፣ የጤና ምግብ ከሚደረደርበት ጥግ አንድ ከረጢት ተልባ ገዛሁ። ቆላሁት፤ በአሠሪዬ በማዳም የቅመም መፍጫ ፈጨሁት፤ ነፋሁት። በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ በውሃና በማር በጥብጬ፣ በረጅም ብርጭቆ አድርጌ፣ በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው።

ባባጂ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው አዩት። አሸተቱት።

“ይሄ ምንድነው?”

“ተልባ ነው፣ ባባጂ። በጾም ጊዜ እኛ አገር የሚጠጣ ነው።”

“ለእኔ ነው ያልኩሽ? ለዱላዬ ነው እንጂ! ዘይቱን፣ ዘይቱን! እንጨቱ ደርቆ ሊሰነጠቅ ነው!”

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይቅርታ እያልኩ ብርጭቆውን ለመውሰድ እጄን ስዘረጋ ግን ወደ ኋላ ሸሸጉት። ከዚያ ሳያቆሙ ጠጡት፤ ነጭ ጢማቸውን በመሐረብ ጠረጉና፣ “ዱላው ዘይቱን እስኪያገኝ እኔ ልጠጣ። ነገ ለሁለታችንም አምጪልን” አሉኝ። በዚያ ቤት ከገባሁ ሦስት ወር ሆኖኝ ነበር፤ ስስቅ ሰው የሰማኝ ያን ቀን ነው።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ አንድ አናጺ ነው። አሁን የምኖረው እዚሁ ጄኔቭ፣ ሻትሌን ሰፈር ነው፣ አራተኛ ፎቅ። ባለፈው ወር አናጺው የደረጃችንን የእንጨት መደገፊያ ሲያድስ ውሎ የተልባ ዘይት ቀብቶት ሄደ። እኔ ከሥራ ስመለስ፣ በአንድ እጄ የአትክልት ከረጢት፣ በሌላው ዣንጥላ ይዤ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ ሽታው ያዘኝ። ከባድ ነው፤ ትንሽ ዓሣ ዓሣ፣ ትንሽ አዲስ ቀለም ቀለም ይላል። እዚያው ደረጃው ላይ ቆምኩ። የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤቴ ስትወርድ አግኝታኝ “ደህና ነሽ?” አለችኝ በፈረንሳይኛ። “አንድ የሆኪ ተጫዋች ትዝ ብሎኝ ነው” አልኳት። “አቤት፣ ባለቤቴም ሆኪ ይወዳል” ብላኝ ሄደች። እዚህ አገር ሆኪ ከተባለ ሰው ሁሉ የሚታየው በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበት ነው። ባባጂ ያንን በቴሌቪዥን ሲያዩ፣ “ጠቡንስ አየሁት፤ ጨዋታው የታለ?” ይሉ ነበር።

የእሳቸው ሆኪ ሣር ላይ የሚጫወቱት ነው። ባባጂ ህንዳዊ ናቸው፤ በአገራቸው ደግሞ ያ ጨዋታ እንደ ብሔራዊ ስፖርት የሚቆጠር፣ የመንደር ልጅ ሁሉ ከዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጦ የሚጀምረው ነገር ነበር። እሳቸው በወጣትነታቸው ለአገራቸው ተጫውተዋል፤ በመርከብ ባሕር ተሻግረው ዋንጫና ሜዳሊያ ይዘው ተመልሰዋል። ዱላው የሐር ትል ቅጠሉን ከሚበላው ዛፍ የተሠራ ነው። ዘይቱን ካመጣሁላቸው በኋላ ሮብና ዓርብ በአሮጌ የሹራብ ቁራጭ እያሹ ስለ ጓደኞቻቸው ያጫውቱኝ ጀመር። የግራ ክንፉ የባቡር ጣቢያ ትኬት ቆራጭ ነበረ፤ ከጨዋታ በፊት አንድ ሙሉ ብርጭቆ ወተት ካልጠጣ አይሮጥም። በረኛው ፖሊስ ነበረ፤ ኳሷ ስትመጣበት እንደ ሌባ “ቁሚ!” እያለ ይጮህባታል። የመሐል ተከላካዩ እንቅልፋም ነው፤ የእረፍት ሰዓት ሲሆን ሣሩ ላይ ተጋድሞ ያንኮራፋል፣ ቀስቅሰው ያስገቡታል። አንዳቸውንም በስማቸው አልጠሯቸውም፤ ሁሉም ሞተው አልቀዋል፤ ወተት ጠጪው፣ ፖሊሱ፣ እንቅልፋሙ እያሉ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ሌላ ነበር። ቅዳሜ የአገራቸው ሰዎች ይመጣሉ፤ ወንዶቹ በየዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤቱ ትልልቅ ሰዎች፣ ሚስቶቻቸው ከክረምት ካፖርት ሥር ሐር ሳሪ የለበሱ። አንድ በአንድ ጎንበስ እያሉ የባባጂን እግር ይነካሉ። ባባጂም ያችን የፍጻሜ ጨዋታ ጎል ይነግሯቸዋል። እኔ ሳምቡሳውን ይዤ ስገባ ታሪኩ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነበር፤ ኳሷ ከቀኝ መጥታ፣ እሳቸው በዱላቸው ቀጥ አድርገው ሲያቆሟትና ቀና ብለው ለማን ላቀብል ሲሉ። እንግዶቹ ልክ ዛሬ ገና እንደሰሙት ያደንቃሉ። ከግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፎቶግራፍ ያያሉ፤ አብረው ፎቶ ይነሳሉ፤ ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ ባባጂ አንድ ሰዓት ያህል ከማንም ጋር አይነጋገሩም። እንግዳው አድክሟቸው ይመስለኝ ነበር።

ጠዋት ጠዋት ጥምጣማቸውን እናጥፍ ነበር። ጨርቁ አምስት ሜትር ያልፋል፤ አንዱን ጫፍ እሳቸው ከኮሪደሩ ወዲያ፣ ሌላውን እኔ ከወዲህ ይዘን፣ ወጥረን፣ በቁመቱ ሦስት ጊዜ እናጥፈዋለን። የልጅ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ይቸኩላሉ፤ ማዳም ሥራ ትቸኩላለች፤ ስለዚህ ሥራው የእኔ ሆነ። በዚያ ጊዜ ነው የሚያወሩኝ። የዩኒቨርሲቲ ዲግሪዬን ከክረምት ካልሲዎቼ ጋር ጠቅልዬ ሻንጣዬ ሥር እንደማስቀምጠው የነገርኩትም ለእሳቸው ብቻ ነው። “የምን ትምህርት?” አሉኝ። “ታሪክ።” “ታዲያ ለምን ትደብቂዋለሽ? እኔን ግድግዳ ላይ ሰቅለውኝ የለም?” አሉና ሳቁ።

ማዳም ክፉ ሴት አልነበረችም። አባቷን ከመጠን በላይ ትወድ ነበር፤ ያ ነው። በገባሁ ዕለት ወጥ ቤት አስቀምጣኝ አንድ ሕግ ብቻ ነገረችኝ። “የአባቴ ልብ ደካማ ነው። በዚህ ቤት አባቴን የሚያስቀይም ቃል የተናገረ ሰው በማግስቱ እዚህ አይገኝም።” ቀልድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከእኔ በፊት የነበረችው ልጅ ከአገራቸው የመጣ ደብዳቤ ላይ ያየችውን፣ ያ እንቅልፋሙ ጓደኛቸው መሞቱን ነግራቸው ባባጂ ሳምንት ሙሉ ታመው ተኙ። ልጅቷ ሳምንቱ ሳያልቅ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። የእኔ የመኖሪያ ፈቃድ ካርት በዚያ ቤት ስም የወጣ ነበር። ከቤቱ ከወጣሁ ካርቱ ይመለሳል፤ ካርቱ ከተመለሰ አገሩን ለቅቄ መሄዴ ነው። ያቺን የፕላስቲክ ካርት ትኬት በምታህል ቦርሳ ውስጥ አድርጌ ከአንገቴ አላወርዳትም ነበር፤ ገላዬን ስታጠብ እንኳ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ አይኔ ሥር አኖራታለሁ።

የገናን ጨዋታ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ታኅሣሥ ሲጋመስ፣ ባባጂ ዱላውን በዘይት እያሹ፣ “እናንተ አገር ሆኪ የለም?” አሉኝ። ትንሽ አመነታሁና፣ “አንድ አለ። በገና በዓል የሚጫወቱት፤ ዱላውም እንደዚህ ቆልማማ ነው” አልኳቸው። የሹራቡን ቁራጭ አስቀመጡት።

“ስንት ተጫዋች?”

“የመጣው ሁሉ ነው፣ ባባጂ።”

“ሜዳው ምን ያህላል?”

“መንደር ከመንደር ሲጋጠም ሜዳው እስከ ሌላኛው መንደር ነው ይባላል። እኔ ያየሁት ጃን ሜዳ ነው፣ በልጅነቴ፣ የአባቴን እጅ ይዤ።”

“በዱላው በየትኛው ገጽ ነው የሚመታው? በጠፍጣፋው ብቻ ነው አይደል?”

“በተገኘው።”

“ዳኛስ?”

“እንጃ፤ አላየሁም።”

ጥምጣማቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። “በተገኘው! ያለ ዳኛ! ታዲያ ጎበዙ በምን ይታወቃል?”

“ይገጠምለታል። ሰነፉም ይገጠምበታል፤ ይሰደባል። በዚያን ቀን ጭሰኛው ባለርስቱን ቢሰድበው መቆጣት የለም።”

“ባለርስቱን? ፊት ለፊት?”

“ከተጫወተ አዎ። ካልተጫወተማ ማን ይሰድበዋል?”

ባባጂ የሹራቡን ቁራጭ መልሰው አነሱ፤ ዱላውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አሹት። ከዚያ “መቼ ነው?” አሉኝ።

ያን ዓመት ገና እሑድ ዋለ፤ የጄኔቭና የዙሪክ ሐበሾች ዙሪክ ላይ ተገናኝተን ልናከብር ቀጠሮ ነበረን። ማዳምን የጠየቋት ባባጂ ራሳቸው ናቸው። እኔ ከጀርባቸው ትሪ ይዤ ቆሜያለሁ። ማዳም አባቷን አየች፣ እኔን አየች፤ ካፖርት፣ ጓንት፣ መድኃኒት፣ ሙቅ ሻይ በቴርሞስ፣ ሁሉን ዘረዘረችና በመጨረሻ ለእኔ ብቻ፣ “እንደወጣ ይመለስልኝ” አለችኝ።

እሑድ ከጠዋቱ በአንድ ሰዓት ከጄኔቭ ባቡር ጣቢያ፣ ከኮርናቫን ተነሳን፤ ባባጂ፣ እኔና እትዬ ዘነበች። እትዬ ዘነበች በሌላ ዲፕሎማት ቤት ስምንት ዓመት የሠራች፣ ጄኔቭ ስደርስ አውቶቡስ ትኬት ከማሽን አወጣጥ ጀምሮ ሁሉን ያሳየችኝ ሴት ናት። ያን ዘመን ባቡሩ ሦስት ሰዓት ይፈጅ ነበር፤ የማጨሻ ፉርጎ ነበረው፤ ጋሪ የሚገፋ ሰው በሦስት ፍራንክ ተኩል ውሃ የመሰለ ቡና እየሸጠ ያልፋል። እኔ ትከሻው ስፖንጅ የተሞላ ሰማያዊ ካፖርት ለብሻለሁ፤ ያኔ ትከሻ ካልሰፋ ልብስ አይባልም ነበር። እትዬ ዘነበች በጆሮ ማዳመጫዋ የክራር ካሴት እየሰማች፣ አንዳንዴ ራሷን ረስታ ጮክ ብላ ታዜማለች፤ ስዊሶቹ ጋዜጣቸውን ዝቅ አድርገው ያይዋታል። ባባጂ ዱላቸውን በትራስ ጨርቅ ጠቅልለው ጉልበታቸው መሐል አቁመውታል። ጥምጣማቸው ያን ቀን ነጭ ነበር፤ ገና ነው ብዬ ስታርች አብዝቼበታለሁ።

ሜዳው ዙሪክ ውስጥ ላንግሽትራሰ ከሚባለው መንገድ ብዙ አይርቅም፤ ከባቡር ድልድዩ ሥር አልፈው የሚያገኙት፣ በበጋ ልጆች የሚሯሯጡበት መስክ ነው። ያኔ ሣሩ በውርጭ ደርቆ ከእግር በታች እንደ ብስኩት ይንኮሻኮሻል። ወንዶቹ ጂንስ ሱሪያቸው ላይ ጋቢ አጣፍተዋል። ዱላ ተብሎ የመጣውን ብታዩት! ብሮኪ ከሚባለው የአሮጌ ዕቃ ሱቅ የተገዛ የሽማግሌ ከዘራ፣ የዣንጥላ እጀታ፣ ለሁለት የተቆረጠ የበረዶ ሆኪ ዱላ። ሩሯ የቴኒስ ኳስ ነበረች፤ አንዲት ሴት በአሮጌ የቆዳ ጓንት ለብዳ ሰፍታታለች። ባባጂ ሁሉንም አንድ በአንድ ዞረው እያዩ ከንፈራቸውን ነከሱ። ደስ እያላቸው ይሁን እየዘገነናቸው አላወቅኩም።

የዙሪክ ቡድን አለቃ ተካ ይባላል። ትራም ማደሪያው ውስጥ ትራም የሚያጥብ፣ ቀጭን፣ ድምፁ ግን የሁለት ሰው የሆነ ሰው ነው። ግጥም ከአፉ እንዲሁ ይወጣለታል። የእኛን ሰልፍ ገና ሲያይ፣ “ሐልት! ሐልት! ቁሙ! ጄኔቮች ሰው አጥታችሁ ነው ቄስ ያሰለፋችሁት?” ብሎ ጮኸ።

እትዬ ዘነበች ወገቧን ይዛ፣ “ቄሱ ሳይሆን አንተ ነህ ፍታት የሚያስፈልግህ! ትራምህን እጠብ!” አለችው።

“እትዬ ዘኑ፣ ስድብሽ እንደ ጄኔቭ ቸኮሌት ጣፋጭ ነው፤ አያምም!”

ጨዋታው ተጀመረ። ጨዋታ ካሉት፤ ሃያ አምስት ወንድ አንዲት ኳስ ተከትሎ እየጮኸ ከዛፍ ወደ ዛፍ ይሮጣል። እዚያው ያደጉት ልጆች “ጋሼ፣ ፓስ ማል!” ይላሉ፣ አቀብል እንጂ ማለታቸው ነው፤ የሚሰማቸው የለም። ባባጂ ከዳር ቆመው፣ ዱላቸውን በሁለት እጅ ዝቅ አድርገው ይዘው፣ ጉልበታቸውን አጠፍ አድርገው ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቁ። ከዚያ ሩሯ ከቀኝ በኩል እየነጠረች መጣች። ባባጂ አንድ እርምጃ ብቻ ወደፊት ሄዱ፤ ዱላውን ወደ መሬት ጋደም አደረጉት፤ ያቺ ስትፈነጥዝ የዋለች ኳስ ዱላው ላይ ስትደርስ ዝም አለች። እንዲያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ታሪኩን ሃያ ቅዳሜ ሰምቼው ነበር፤ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ባባጂም ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዳደረጉት ቀና አሉ፤ ለማን ላቀብል ብለው።

የገና ጨዋታ ላይ ቀና የሚል ሰው የለም። ሦስት ሰዎች እንደ ጎርፍ መጡባቸው፤ በተገኘው ገጽ መቱና ሩሯን ይዘው ሄዱ። የባባጂ ዱላ ከእጃቸው ወጥቶ ተሽከረከረ። እሳቸው ቆመው ኳሷን እግራቸው ሥር ይፈልጋሉ፤ ወዲያ ያያሉ፣ ወዲህ ያያሉ። ተካ ዱላውን ወደ ሰማይ አንስቶ ግጥሙን ለቀቀው፤

“ጥምጣምህ ነጭ ነው፣ ጢምህም የካህን፤
ሩሯን ልትመታት ነው፣ ልታጠምቃት ይሆን?”

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ጄኔቮችም ሳቁ፤ ሴቶቹ በጭብጨባ ተቀብለው ደገሙት። እኔም ሳቅሁ፤ ፊቴን በሻርፔ ሸፍኜ ግን ሳቅሁ። ባባጂ ዱላቸውን አንስተው ወደ እኔ ፈጠን ፈጠን እያሉ መጡ። ጉንጫቸው ቀልቷል፤ ዓይናቸው ያበራል።

“ቤቲ! እኔን ነው አይደል? እኔን ነው የሚለው! ምን አለ?”

እንደዚያ ቀርበው፣ እንደዚያ ጓጉተው ጠይቀውኝ አያውቁም። እኔ ግን የታየኝ የማዳም ፊት ነው። የአባቴ ታላቅ የሚሆኑ ሰው፣ አገር ሙሉ እግራቸውን የሚነካ ሰው፣ “አንተ” ተብለው ተሰድበዋል። እጄ ሳላውቀው አንገቴ ላይ ወዳለችው ቦርሳ ሄደ።

“እንደ ቅዱስ አባት ይመስላሉ ነው የሚለው፣ ባባጂ። ኳሷ እርስዎ እጅ ገብታ ተባረከች አለ” አልኳቸው።

ፊታቸው ላይ የነበረው ሁሉ ቀስ ብሎ ወረደ። “እንዲያ ነው?” አሉ። “አመስግኚልኝ።” ዱላውን ለእኔ ሰጥተው አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፤ ጓንታቸውን አጠለቁ። ጨዋታው እስኪያልቅ አልተነሱም። እኔ ደክሟቸው መሰለኝና ሻይ ቀዳሁላቸው።

ስንመለስ በባቡሩ ውስጥ ባባጂ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ተቀመጡ። የበርን ከተማን አልፈን ብዙ ሄደናል። ድንገት ዞረው፣ “ቤቲ፣ በእናንተ አገር ሰው ሲመረቅ ይሳቃል?” አሉኝ።

“ደስ ብሏቸው ነው፣ ባባጂ።”

“እም” አሉና ተመልሰው ዞሩ። “እዚያም ፎቶግራፍ ሆንኩ ማለት ነው።”

እትዬ ዘነበች እንግሊዝኛ አትሰማም፤ ፊት ግን ታነባለች። ጆሮ ማዳመጫዋን አወለቀች። “ምን ሆኑ ሰውዬው? ተካ የገጠመባቸውን ምን ብለሽ ነገርሻቸው?”

ነገርኳት። አፏን ይዛ ቀረች።

“አይ አንቺ ልጅ! ሰዎቹ ሰድበው ያስገቧቸውን ሰውዬ አንቺ አመስግነሽ አስወጣሻቸው?”

“እትዬ ዘኑ፣ ማዳም ያለችኝን ታውቂያለሽ። ልባቸው…”

“ልባቸውንማ አሁን ነው የሰበርሽው። አታያቸውም?”

“ካርቴስ?”

እሷም የራሷ ካርት አላት። እጄን ይዛ፣ “እሱስ እውነትሽን ነው” አለችና ካሴቷን ሳትከፍት እስከ ጄኔቭ ሄድን። ዛሬ ያንን መንገድ በባቡር ስሄድ፣ ሐይቁ ከመምጣቱ በፊት ያለውን ረጅሙን ሜዳ ሳይ፣ የማየው እሱን አይደለም። መስኮቱ ላይ የወደቀውን ነጭ ጥምጣም ነው። ባባጂ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆነ፤ እትዬ ዘነበችም አገሯ ገብታ ቤት ሠርታ ተቀምጣለች። አንዳንዴ ስንደዋወል፣ “ያን ቀን ያልተሳደብሽው ስድብ” እያለች ትቀልድብኛለች።

ቤት ስንደርስ ማዳም በሩን ከፍታ አባቷን ከእግር እስከ ራስ አየቻቸው። “ደህና ነበር?” አለች። “በጣም ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ አከበሩኝ” አሉና ወደ ክፍላቸው ገቡ። ማዳም ትከሻዬን ነካ አድርጋ አመሰገነችኝ። እንደወጡ መልሼላታለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ እንደዚያ አመስግናኝ አታውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ባባጂ ጥምጣም ለማጠፍ አልወጡም። ማዳም ያን ቀን ሥራ አልነበራትም፤ ሳሎን ሆና ደብዳቤ ትጽፋለች። በአራት ሰዓት ሻዩን ይዤ ገባሁ። ባባጂ በሌሊት ልብሳቸው፣ ራሳቸውን በትንሽ ጨርቅ አስረው፣ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ዱላው የለም፤ ቁም ሳጥን ውስጥ ገብቷል። ትሪውን አስቀመጥኩ። ሌላ ቀን ቢሆን አስቀምጬ እወጣለሁ። ቆምኩ።

“ባባጂ፣ ትናንት ዋሽቼዎታለሁ።”

ዞር ብለው አዩኝ። “ሰውዬው አልመረቀዎትም። ‘ጥምጣምህ ነጭ ነው፤ ጢምህም የቄስ ነው፤ ኳሷን ልትመታት ነው ወይስ ልታጠምቃት?’ ነው ያለው።”

ወደ ሻዩ የዘረጉትን እጅ መለሱ።

“ልታጠምቃት?”

“ውሃ አፍስሶ መባረክ፣ ባባጂ። እኛ ሕፃን የምናጠምቀው እንደዚያ ነው። ኳሷን ይዘው ቆመው ስለነበር።”

“እና የሳቁት በእኔ ነው?”

“በእርስዎ ነው።”

“ሁሉም?”

“ሁሉም።”

“አንቺስ?”

ከሁሉ የከበደኝ ይህ ነበር። “እኔም” አልኳቸው። “በሻርፔ ሸፍኜ።”

መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው ጢማቸው ነው። ከዚያ ትከሻቸው። አሟቸው መስሎኝ ወደ መድኃኒቱ ልሮጥ ስል ሳቃቸው ወጣ፤ ከሆድ የሚመጣ፣ ወንበሩን የሚያንቋቋ ሳቅ። “ልታጠምቃት!” ይላሉ። “ቆሜ! እውነቱን ነው እኮ፣ ቆሜ!” ዕንባቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠርገው፣ “የተሰደበ ሰው መልስ መስጠት ይችላል?” አሉኝ።

“ይችላል። ግን እዚያው ሜዳው ላይ ነው፣ ባባጂ። ትናንት አለፈ።”

“ስልክ አለው?”

ተካ ስልክ ነበረው፤ ቁጥሩም እኔ ዘንድ ነበር። የቤቱን ስልክ ሳልጠይቅ ነክቼ አላውቅም፤ ሁልጊዜ አሥር ፍራንክ ካርድ ገዝቼ ከጣቢያው ነው የምደውለው። ያን ጠዋት የባባጂ አልጋ አጠገብ ያለውን አንስቼ ደወልኩ። ተካ ከበዓሉ ድካም አልነቃም፤ “ማን ነው በዚህ ሌሊት?” አለኝ። ስልኩን ለባባጂ ሰጠኋቸው። ተነስተው ቆሙ። በገዛ ቋንቋቸው፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ ድምፃቸው በሜዳ ማዶ ሰው እንደሚጠራ ከፍ ብሎ፣ ስድቡን እያወረዱት ሄዱ።

ማዳም እየሮጠች መጣች። በሩ ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋ እጇ ላይ ነበር። አባቷን ሰማች፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እሷ ቋንቋውን ታውቃለች።

“ማንን ነው የሚሳደበው?” አለችኝ በሹክሹክታ።

“ዙሪክ ያለ፣ ትራም የሚያጥብ ሰው ነው፣ ማዳም። ትናንት እሱ አባትዎን ሰድቧቸው ነበር። የነገርኳቸው እኔ ነኝ።”

ማዳም ወደ እኔ ዞረች። ቦርሳዬን ከአንገቴ ለማውለቅ እጄን አነሳሁ፤ ካርቱን አሁኑኑ የምትጠይቀኝ መስሎኛል። ባባጂ ግን በዚያ መሐል ስልኩን መለሱልኝ፤ እየተነፈሱ፣ ጢማቸው ተበታትኖ፣ “ንገሪው!” አሉኝ። ስልኩ ውስጥ ተካ ይጮሃል፤ “ምን አሉኝ? ምን አሉኝ ሰውዬው? ሳታሳምሪ ንገሪኝ!”

“ባባጂ፣ ቋንቋዎን አላውቅም” አልኳቸው።

ሁለታችንም ማዳምን አየናት። አባቷን ብዙ አየቻቸው። ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ እስከ ጆሮዋ ቀልታ፣ አንድ በአንድ በእንግሊዝኛ ትነግረኝ ጀመር።

“በመንደራችን ወንዝ ዳር ልብስ የሚያጥቡ አሮጊቶች… ዱላቸውን ካንተ አሳምረው ይይዛሉ ይላል። አንተ ኳስ አልመታህም፤ ውሻ ነው ያባረርከው ይላል። ደግሞ… ይሄን አልለውም።”

“በያት!” አሉ ባባጂ።

ማዳም ዓይኗን ጨፍና ነገረችኝ። እኔም ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ፣ አንዲት ቃል ሳላለዝብ፣ “አንተ” እያልኩ ለተካ ነገርኩት።